ድህነት ወንጀል ነው? ክፍል ስድስት፦ አንድ ዋስ፣ አንድ ሰው

ባለፈው ሳምንት የት ላይ ነበር የተለያየነው? ቆይ፣ እንዳትነግሩኝ። ሾላ፣ ካምፑ በር ላይ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። መሪጌታ ከማርያም ደጅ ከየኔ ቢጤዎቹ ጋር በአፈሳ ተጭኖ፣ ከጭነት መኪናው ወርዶ፣ ቡትቶውን እንደለበሰ ተሰልፏል። ተራው ደረሰ። ዘበኛው ባትሪውን ፊቱ ላይ ደቀነበትና «አንተ! ቀና በል እስቲ!» አለው። እኔም እዚያው ላይ «ይቀጥላል» ብዬ እብስ አልኩ። የሰደባችሁኝ አላችሁ፤ ደርሶኛል።

ከመቀጠላችን በፊት ግን «ይሄ ሁሉ እውነት ነው ወይ?» ለምትሉ አንድ ነገር ላጥራላችሁ። ካምፑ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ሾላ ላይ የከተማዋ ችግረኞች ተሰብስበው የተዘጋባቸው ካምፕ ነበር፤ የስድስት ኪሎ ልጆችም «ድህነት ወንጀል ነው?» ብለው አደባባይ የወጡት በሱ ምክንያት ነው። ይሄ የታሪክ ነው። ሦስቱ ተማሪዎች መሪጌታ፣ ሚጥሚጣና ጌታው፣ ዘበኛውና የዚህ ሌሊት ጉድ ግን የኔ ናቸው፤ ስለነሱ ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ብዕሩን ይረከበኝ።

የለም? እንቀጥል።

«ቀና በል አልኩህ!»

መሪጌታ ቀና አለ። ጉንጩ ላይ የተቀባው ጥላሸት በላብ ወርዶ አንገቱ ጋ ደርሷል።

«ከየት ነህ?»

«ከጎጃም፣ ጋሼ።»

«ሥራህ ምንድነው?»

«ልመና።»

ዘበኛው ባትሪውን ከፊቱ ወደ እግሩ አወረደው፤ ከእግሩ መልሶ ወደ ፊቱ አወጣው። «በል እስቲ ለምን።»

ወጥመዱን አያችሁት? የሚያርፍበትን ያጣ ሰው በየቀኑ ያያል ዘበኛው፤ አስመስሎ የሚለምንን ደግሞ ከሩቅ ይለያል። ጌታው በመሪጌታ ቦታ ቢሆን ኖሮ ታሪካችን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ያ ልጅ በሕይወቱ የጠየቀው ነገር ቢኖር ሁለተኛ ማንኪያ ነው። መሪጌታ ግን ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከደረቱ ሥር፣ ማንም ሳያስጠናው፣ ድምፁ ወጣ፦ «በእንተ ስማ ለማርያም…»

ልጆቹ መሪጌታ የሚሉት በባዶ ሜዳ አይደለም። ሕግ ፋኩልቲ ከመግባቱ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በማያውቀው መንደር በማያውቀው ደጅ ቆሞ ለምኖ ነው ያደገው። ባቱ ላይ እስካሁን የጎጃም ውሻ ጥርስ አለ። ልመናን የተማረው ከፊደል ቀጥሎ፣ ከዳዊት በፊት ነው፤ ደግሞም አያፍርበትም። ማን ያፍርበታል? ይቺ አገር ሊቃውንቷን ያሳደገችው በቁራሽ እንጀራ አይደል እንዴ! ያኔ «ስለ ማርያም» ሲል እናቶች ከነሌማቱ ይወጡለት ነበር። ዛሬ በዚያው ቃል የጭነት መኪና መጣለት።

ዘበኛው ባትሪውን አጠፋ። ጨለማው ውስጥ ድምፁ ተለወጠ።

«የየት ቅኔ ቤት ልጅ ነህ?»

ጉድ ፈላ። መዋሸት ይችላል። ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አልዋሸም።

«የጎንጅ።»

ዝም። ከዚያ፣ «እኔ የዋሸራ ነኝ» አለ ዘበኛው። «በል ጉባኤ ቃና ተቀኝልኝ። ከቀናህ ትገባለህ፤ ካልቀናህ ጣቢያ ነው የምወስድህ፤ ምክንያቱም አንተ የኔ ቢጤ አይደለህም።»

መሪጌታ ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች እየጠበቁ፣ የመኪናው ሞተር እየተንገጫገጨ፣ ሁለት ቤት ቅኔ ዘረፈ። እዚህ አልጽፈውም። ግዕዝ የምታውቁት እርማት ትልኩብኛላችሁ፣ የማታውቁት ትርጉም ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም፣ ልጁ በር ላይ ቆሟል።

ዘበኛው አዳመጠ። «የዋሸራ ልጅ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ይወጣለት ነበር» አለና መዝገቡን ገለጠ፤ ስሙን ጻፈው። «ግባ። ብቻ ልብ በል፤ እዚህ በር ውስጥ የገባ ያለ ዋስ አይወጣም። ቤት ያለው ዋስ። አንድ ዋስ፣ አንድ ሰው። በአጥሩ ደግሞ እንዳታስብ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ከኋላ ያለው ዘበኛ ቅኔ አያውቅም።»

ባለፈው ሳምንት ሦስቱ የተማማሉበት ዕቅድ ትዝ ይላችኋል? ማታ ይገባል፣ ያያል፣ ይቆጥራል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በአጥሩ ዘሎ ይወጣል፣ ጌታው በቮልሱ ይቀበለዋል። አዎ። ያ ዕቅድ አሁን መዝገቡ ላይ ከስሙ ጋር ተዘግቷል።

መሪጌታን እዚያው እንተወውና (አትጩሁ፣ እንመለሳለን) ስድስት ኪሎ እንድረስ።

ሚጥሚጣ ከሴቶቹ መኝታ ቤት ሹልክ ብላ ወጥታ በተዋሰችው ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍናዋለች። ከፊቷ የጽሕፈት መኪና አለ፤ መኪናው ላይ ስቴንስል ተጠምዷል። ስቴንስል የጻፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰሙ ስስ ነው፤ ቀስ ብለው ከመቱት ፊደሉ አይወጣም፣ ጨክነው ከመቱት የ«መ» ክብ ተቦርቡሮ ይወድቅና ሲባዛ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። እሷ ደግሞ በንዴት ነው የምትጽፈው። «መንግሥት» የሚለው ቃል ላይ ሦስት ጊዜ «መ» ወድቆባታል። እዚያ ላይ ማረሚያውን ጠብ ታደርጋለች፣ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸተውን፤ እፍ እፍ ብላ ታደርቀዋለች፤ ደግማ ትመታለች።

ጽሑፉ አልቋል ማለት ይቻላል። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። «በአንድ ክፍል ውስጥ» ይልና ባዶ ይከተላል፤ ከዚያ «ሰው ይተኛል» ይላል። ቁጥሩ የሚመጣው ከሾላ ነው። ጌታው ማታ «ዝም ብለሽ የሆነ ቁጥር አስገቢበት፣ ማን ይቆጥረዋል?» ብሏት ነበር። ያየችውን አስተያየት እኔ አልገልጸውም፤ ሚጥሚጣ የተባለችው ለምን እንደሆነ ከገባችሁ ይበቃል።

ለሰልፉ በሚይዙት አቡጀዲ ላይም ተጣልተው ነበር። ጌታው «ድህነት ወንጀል አይደለም!» ተብሎ ይጻፍ አለ። እሷ እምቢ አለች።

«እንዲያ ካልን ‹እናውቃለን፣ ማን ወንጀል ነው አለ?› ብለው ያልፉናል» አለች። «ብንጠይቃቸው ግን ይመልሱ። አዎ ይበሉ ወይ አይደለም ይበሉ።»

እናም ቀዩ ቀለም በጥያቄ ምልክት አለቀ። እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ በዚያ ዘመን ከወጡ መፈክሮች ሁሉ እኔ የምመርጠው ይሄንኑ ነው፤ «መሬት ለአራሹ»ን ሳይቀር ያስከነዳል። ትከራከሩኝ ይሆናል፤ ተከራከሩ።

«መሬት ለአራሹ» ካነሳን አይቀር፣ የልጆቹ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይግባችሁ። ዓምና፣ በየካቲት 1957፣ ተማሪው ያንን መፈክር ይዞ ፓርላማው ድረስ ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ የተማሪ መሪዎች ከትምህርት ታገዱ። ግቢው ውስጥ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያወራ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያያል። ደግሞ ግቢው ራሱ ምን እንደሆነ አትርሱ፤ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በ1953 ታኅሣሥ፣ መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የታገቱት መኳንንት የተረሸኑት እዚሁ ነው። ጃንሆይ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቅርቦ ጉድ አሰኝቶ ነበር። ዛሬ ማታ ሚጥሚጣ የምትፈልገው ግጥም አይደለም። ቁጥር ነው።

በሩ ተንኳኳ።

እጇ ቁልፉ ላይ ደረቀ። ኩራዙን እፍ አለችው። እንደገና ተንኳኳ፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ። የተስማሙበት ምልክት ሦስት ጊዜ ነበር፤ ሁለትና አንድ ሦስት ይሆናል ወይስ አይሆንም? እሷ ይህን እያሰላች ሳለ፣ «እኔ ነኝ፣ ክፈቺ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ጌታው ነበር። ብቻውን።

«የታለ?» አለችው።

በእጁ የያዘውን የኒያላ ሲጋራ ወረቀት ዘረጋላት። ጌታው ቀበናን ተሻግሮ፣ ከእንግሊዝ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ቮልሱን አቁሞ እየጠበቀ ሳለ ነበር አንድ ሊስትሮ መስኮቱን የቆረቆረበት። ያ ልጅ ከነሳጥኑ በአፈሳ ገብቶ፣ በአጥሩ ሥር እንደ ድመት ሾልኮ የሚወጣና የሚገባ ነው። ለምን ተመልሶ ይገባል አትሉኝም? ሳጥኑን ውስጥ ይዘውበታል።

ወረቀቱ ላይ በመሪጌታ የድጓ ጸሐፊ እጅ ሁለት ቃል ሰፍሯል፦ «ዋስ አምጡ።»

«ምን ዓይነት ዋስ?»

«ልጁ ቤት ያለው ነው አለኝ።»

ሚጥሚጣ ቀና ብላ አየችው። «አባትህ ቤት የለውም?»

«አለው።»

«ስንት?»

ጌታው ጫማውን እያየ፣ «እሱን እንኳ ቆጥሬው አላውቅም» አለ።

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። «እንግዲያው ከአንዱ ቤት አንዱን ዋስ አድርግ!»

«የሱን ስም ከጻፍኩ እኮ ነገ ከምሳ በፊት ቢሮው ድረስ ይሰማል።»

«እና?»

«እና…» አለና አልጨረሰም። ቀጣዩን እናንተም እኔም እናውቀዋለን። ትምህርቱ፣ ቮልሱ፣ የአባትየው ፊት። ዝም ብሎ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር።

አሁን ወደ ሾላ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ሳል አለ፤ ካንዱ ጥግ ይነሳና ሌላው ጥግ ይቀበለዋል። መሪጌታ ሰው ላለመርገጥ በጣቱ ጫፍ እየሄደ፣ በመቁጠሪያው ዶቃ ራስ ይቆጥራል። ሕግ ተማሪ አይደል፣ እየቆጠረ ሌላም ነገር ያሰላል፦ እነዚህ ሰዎች የታሰሩት በየትኛው አንቀጽ ነው? የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በብብቱ ይዞ ነው የሚዞረው። የትኛው ዳኛ ፈረደባቸው? ስንት ወር? አጠገቡ የተኛችውን ሴት ቀስ ብሎ፣ «እናቴ፣ መቼ ይፈቱሻል አሉሽ?» ቢላት፣ «ማን ይነግረኛል?» ብላው ዞራ ተኛች።

ዶቃው ሊያልቅ ሲል አንድ ነገር ዐይኑ ገባ። ሁሉም ተኝቶ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ የቆርቆሮ ቱቦ አለ። በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«አባባ፣ አይተኙም?»

«ብተኛ ይወስዱብኛል።»

«ምኑን?»

«ጉዳዬን።» ቱቦውን ነካ ነካ አደረጉት። «እኔ ለማኝ አይደለሁም ልጄ። ባለጉዳይ ነኝ። ከተጉለት ነው የመጣሁ። የርስት ክርክር አለብኝ፤ ከወረዳ አውራጃ፣ ካውራጃ ጠቅላይ ግዛት፣ አሁን ዙፋን ችሎት ደርሻለሁ። ስንቄ አለቀና ደጀ ሰላም አረፍ ባልኩበት አፍሰው ጫኑኝ።»

«ቀጠሮዎ መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት።»

መሪጌታ ዶቃው እጁ ላይ ቆመበት።

ሽማግሌው እጁን ያዙት። ጣቶቹን አንድ ባንድ ዳሰሱ፤ የመሃል ጣቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ጋ፣ ብዕር የሚያርፍበት ቦታ፣ ጠንካራ እብጠት አለ።

«አንተም ለማኝ አይደለህ» አሉት። «ይሄን ጣት ፍርድ ቤት ደጅ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጋ አውቀዋለሁ። አትንገረኝ፣ ማን እንደሆንክ አልጠይቅህም። ብቻ ነገ ከዚህ ስትወጣ ለችሎቱ አንድ ቃል አድርስልኝ፤ ‹ቀርቷል እንዳትሉ፣ ታስሮ ነው› በልልኝ።»

«ቀርተዋል ካሉስ?»

«ነገሬ ይዘጋል። ልጆቼ የሚያርሱት መሬት የባላንጣዬ ይሆናል።»

እስቲ አስቡት። ዓምና ልጆቹ ፓርላማ ደጅ መሬት መሬት ሲሉ የዋሉት፣ አብዛኞቹ ስለ መሬት የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነበር። አሁን መሬቱ ራሱ በቆርቆሮ ቱቦ ታሽጎ መሪጌታ አጠገብ ተቀምጧል።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ቮልሷ ካምፑ በር ላይ ቆመች።

«ምን ልታዘዝ ጌታዬ?» አለ ዘበኛው። ጌታው ደነገጠ፤ ቅጽል ስሙን ከማያውቀው ሰው አፍ መስማቱ ነው።

«ዋስ ልሆን ነው የመጣሁት።»

መሪጌታ ተጠራ። መጣ። ግን ብቻውን አልመጣም፤ ክንዳቸውን ይዞ ሽማግሌውን እየመራ ነው።

«ቁጥሩን ያዝ» አለው ለጌታው በጆሮው፤ ነገረውም። (እናንተም ትሰሙታላችሁ፤ ዛሬ አይደለም።) «ለሚጥሚጣ አድርስላት። ዋስ የምትሆነው ግን ለኔ አይደለም። ለሳቸው ነው።»

«አብደሃል? በሁለት ሰዓት ራስ መኮንን አዳራሽ ተማሪው ይሰበሰባል። ቁጥሩን ማን አየው ሲሉ ማንን ላሳይ? የተማሪ ወሬ ነው ይሉናል!»

«እሳቸው በሦስት ሰዓት ችሎት ካልቀረቡ መሬታቸው ይሄዳል።»

«ሰልፉ እዚህ ሲደርስ አንተ ውስጥ ከሆንክ፣ ማን መሆንህን ካወቁ…»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ለሁለታችሁም እፈርማለሁ!»

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ዋስ፣ አንድ ሰው» አለ። ሰዓቱን አየ። «ደግሞ ተረኛው መጣሁ እያለ ነው። ያ ከኋላ ያለው። እሱ ከደረሰ አንዱንም አያወጣላችሁም። ስምህን ጻፍ፣ ዋስ የምትሆንለትን ጻፍ፣ ፈርም።»

ሽማግሌው ምንም አላሉም። ቱቦአቸውን አቅፈው መሬት መሬት ያያሉ። ይሄ ነው ከሁሉ የከበደው፤ ቢለምኑ ኖሮ ይቀል ነበር።

ከወዲያ በኩል የቦት ጫማ ድምፅ ተሰማ። ጌታው ብዕሩን አነሳ። መሪጌታን አየ። ሽማግሌውን አየ። መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ አንድ ስም ለመጻፍ ከሚበቃው ጊዜ በላይ ጻፈ። ፈረመ። ብዕሩን አስቀመጠ።

የዋሸራው ልጅ መዝገቡን ወደ ራሱ አዙሮ አነበበው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ጠዋት መሆኑን ረስቶ ባትሪውን አበራና የጌታውን ፊት አየ።

«ይሄ ያንተ ስም ነው?» አለ።

«የኔ ነው።»

ዘበኛው መዝገቡን ዘጋ፤ ወደ ጎጆው ገባና የስልኩን እጀታ ጨበጠ።

የደወለው ወዴት እንደሆነ ክፍል ሰባት ላይ ታገኙታላችሁ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያላችሁ፣ ተሳስታችኋል።